ኩበትና ጋዝ፦ የጎጃም ደጋ በአገሪቱ የነዳጅ ታሪክ ውስጥ

የኢትዮጵያ የነዳጅ ታሪክ ሲነሣ የሚጠሩት ቦታዎች የታወቁ ናቸው፤ ኦጋዴን፣ አሰብ፣ ጂቡቲ። የጎጃም ስም በዚህ ታሪክ ውስጥ እምብዛም አይሰማም። ከደብረ ማርቆስ በኦጋዴን እስካሉት የካሉብ የጋዝ ጉድጓዶች ያለው ርቀት በቀጥታ መስመር ቢለካ እንኳ ከ800 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ በጎጃም ምድርም እስከ ዛሬ ለገበያ የበቃ ዘይት ወይም ጋዝ አልወጣም። ስለዚህ ጉዳዩ የሩቅ አገር ወሬ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን የጎጃም ደጋ የዚህ ጉዳይ ዋና ባለቤት ነው እላለሁ። ደጋው ለብዙ ትውልድ በነዳጅ እጥረት ኖሯል፤ እጥረቱ ጎልቶ የታየው ግን በማደያ ሰልፍ ሳይሆን በማሳው ላይ ነው። ለመሬቱ መመለስ የነበረበት ፍግ ኩበት ሆኖ ምድጃ ውስጥ ይነዳል፤ መሬቱ የጎደለውን ደግሞ ከባሕር ማዶ በሚመጣ ማዳበሪያ እንሞላለን። የዚያ ማዳበሪያ ዋና ጥሬ ዕቃ የተፈጥሮ ጋዝ ነው። የካሉብ ጋዝና የጎጃሙ የጮቄ ተራራ ኩበት የአንድ ጥያቄ ሁለት ጫፎች ስለሆኑ፣ የአገር ውስጥ ጋዝ መመዘን ያለበት ስንት ዶላር ያስገኛል ከሚለው በፊት ለእርሻው ምን ይመልሳል በሚለው ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከእንጨት ነው። የደጋው ሰው ከማገዶ እጥረት ጋር የተዋወቀው ቤንዚን ከመታወቁ እጅግ ቀደም ብሎ ነው። የነገሥታቱ ሠፈር ከቦታ ቦታ ይዛወር ከነበረባቸው ምክንያቶች አንዱ በዙሪያው ያለው እንጨት ማለቁ ነበር። ዐፄ ምኒልክም አዲስ አበባን ትተው መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ያሰቡት በዚሁ ችግር ነው፤ ከተማዋን ባለችበት ያጸናት በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። በጎጃም የጥንቱ ደን ምን ይመስል እንደነበር ዛሬ የሚመሰክሩት የአብያተ ክርስቲያናት አጸዶች ናቸው፤ ጽዱ፣ ወይራውና ዝግባው ተጠልለው የቀሩት በእነርሱ ቅጥር ነው። ከቅጥሩ ውጭ ያለው መሬት ታርሷል ወይም ግጦሽ ሆኗል። ባሕር ዛፍ በየማሳው ዳር ተተክሎ ክፍተቱን ሸፍኗል ቢባልም፣ ገበሬው ግንዱን ለቤት መሥሪያና ለአጣና ይሸጠዋል፤ ለራሱ ምድጃ የሚቀርለት ቅጠሉና ጭራሮው ነው። በአዊ በኩል የፋግታ ለኮማ ገበሬዎች በተጎዳ መሬታቸው ላይ ዲከረንስ የሚባለውን ግራር ተክለው፣ በጥቂት ዓመት ውስጥ ቆርጠው ከሰል በማክሰል ታላቅ ሥራ ሠርተዋል። ዛፉ ናይትሮጅን ከአየር ወደ አፈር ስለሚያስገባ መሬቱን አሳርፎላቸዋል፤ ከሰሉም እስከ አዲስ አበባ ተሽጧል። ሆኖም ከሰሉ የከተማውን ምድጃ እንጂ የጮቄን ግርጌ ምድጃ አላሞቀም፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ዛፉን የዝገት በሽታ መትቶት የብዙ ቤተሰብ ገቢ ተናግቷል።

እንጨቱ ሲርቅ ተራው የኩበት ሆነ። በጎጃም ደጋማ ወረዳዎች የበጋው አንዱ ዐቢይ ሥራ እበት መጠፍጠፍ፣ ማድረቅና መከመር ነው፤ ሥራው በአብዛኛው የሴቶችና የልጆች ነው። ኩበት እሳቱ የተረጋጋ ስለሆነ ምጣድን በእኩል ያግላል፤ የባለሙያዋ ምርጫ የመጣው ከልምድ እንጂ ካለማወቅ አይደለም። ዋጋው የሚከፈለው ሌላ ቦታ ነው። ደረቅ ኩበት በመቶ ኪሎ ውስጥ አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ናይትሮጅን አለው፤ ሲነድ ናይትሮጅኑ ከጢሱ ጋር ይሄዳል፤ አመዱ ፖታስየምና ጥቂት ማዕድን ብቻ ይዞ ይቀራል። አንድ ቤት በዓመት አንድ ቶን ኩበት ቢያነድ የሚያጣው ናይትሮጅን በዩሪያ ማዳበሪያ ሲተመን ሠላሳ ኪሎ ያህል ይሆናል፤ ይህም የኩንታል ሲሶ ማለት ነው። አፈሩን የሚያለሰልሰውና ውኃ የሚያስይዘው ብስባሽ ደግሞ በዚህ ስሌት ውስጥ አልገባም፤ እርሱ በኩንታል የሚገዛ ነገር አይደለም። በአገር አቀፍ ደረጃ ከሚፈጀው ኃይል ዘጠና በመቶ ያህሉ ከእንጨት፣ ከከሰል፣ ከኩበትና ከሰብል ተረፈ ምርት እንደሚገኝ ሲነገር ኖሯል። የአገሪቱ የኃይል ዋስትና ጉዳይ ከዚህ ቁጥር ሳይጀምር በቀጥታ ወደ ቤንዚን የሚሄድ ከሆነ፣ ከአሥሩ እጅ ዘጠኙን ትቶ ስለ አንዱ እጅ ይከራከራል።

ይህ ማለት የቦቴው ታሪክ ለጎጃም ትንሽ ነው ማለት አይደለም። በጣሊያን ወረራ ዘመን ወደ ደብረ ማርቆስ የተዘረጋው የመኪና መንገድ በዓባይ ሸለቆ ከጎሃ ጽዮን ወርዶ ወደ ደጀን ሲወጣ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይሻገራል። መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ደብረ ማርቆስ የገቡበት ዘመቻ ግን ስንቁን ከሱዳን ያመጣው በአብዛኛው በግመል ነበር፤ ከሺዎቹ ግመሎች በሕይወት የደረሱት እጅግ ጥቂት ናቸው። ከነጻነት በኋላ መንገዱ ለጎጃም ሁለት ነገር አመጣለት፤ ለኩራዝ የሚሆን ላምባና ለወፍጮ የሚሆን ናፍጣ። የናፍጣ ወፍጮ የእናቶችን ክንድ ከመጅ አላቆ ብዙ ሰዓት መልሶላቸዋል። ግን ያ ናፍጣ ሁልጊዜም በሌላ እጅ ውስጥ ባለ በር ነው የሚያልፈው። በሶቪየት ኅብረት ብድር ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ የጀመረው የአሰብ ማጣሪያ የአገር ኩራት ነበር፤ የሚያጣራው ድፍድፍ ግን የውጭ ነበር። ዓለም አቀፉ የዘይት ዋጋ ሲንር በየካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ባለታክሲዎች ሥራ አቆሙ፤ መንግሥት የነዳጅ ዋጋውን በከፊል ዝቅ ለማድረግ ተገደደ፤ ዘውዱ ግን ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ ማጣሪያው በሌላ አገር ቀረ፤ ጥቂት ዓመታት በስምምነት አገልግሎ ተዘጋ። ግንቦት 1990 ላይ ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ የአሰብ ወደብም ተዘጋ፤ ሁሉም ነገር ወደ ጂቡቲ ዞረ። ለጎጃም ደግሞ ከጂቡቲ ሌላ የዓባይ ገደል አለ፤ ከነሐሴ 2015 ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት እንደታየው መንገዱ ሲዘጋ ናፍጣውም ማዳበሪያውም አብረው ይቆማሉ።

ታዲያ የራሳችን ጋዝ ለምን ዘገየ? መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ከድንጋዩ ይልቅ በሰው ዘንድ ይገኛል። ሲንክሌር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1945 ውል ተዋውሎ ኦጋዴንን መፈለግ ጀመረ፤ ዓመታት ለፍቶ ለገበያ የሚበቃ ሳያገኝ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሌላው የአሜሪካ ኩባንያ ቴኔኮ ካሉብ ላይ፣ ቀጥሎም ሂላላ ላይ ጋዝ አገኘ። አብዮቱ ፈነዳ፣ በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ወረራ ተከተለ፤ ሥራው ቆመ። በደርግ ዘመን የሶቪየት ባለሙያዎች ተጨማሪ ጉድጓዶችን ቆፈሩ፤ መንግሥት ሲለወጥ እነርሱም ሄዱ። ሚያዝያ 16 ቀን 1999 ዓ.ም. በኦጋዴን አቦሌ በነዳጅ ፍለጋ ሠፈር ላይ በደረሰው ጥቃት ዘጠኝ ቻይናውያንና ከስድሳ በላይ ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ተገደሉ። ከዚያ የቻይናው ኩባንያ ፖሊ ጂሲኤል ጋዙን በቧንቧ ወደ ጂቡቲ ወስዶ በመርከብ ሊሸጥ በ2006 ዓ.ም. ተዋዋለ፤ በሰኔ 2010 የሙከራ ድፍድፍ መውጣቱ ተበሠረ፤ ውሉ ግን ፍሬ ሳያፈራ ተቋረጠ። ያ ሁሉ አልፎ የመጀመሪያው ምዕራፍ የካሉብ ጋዝ ማምረቻ የተመረቀው መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። በግኝቱና በምርቱ መካከል ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈ። ሰላም በሌለበት የተፈጥሮ ሀብት ካርታ ላይ ያለ ምልክት ሆኖ ነው የሚኖረው፤ ይህን ኦጋዴን ለጎጃም በውድ ዋጋ አስተምሮታል።

እዚህ ላይ በጎጃም በኩል የሚነሣ አንድ ተስፋ አለ፤ በዓባይ ተፋሰስ ውስጥም ዘይት ሊኖር ይችላል የሚል። ተስፋው መሠረት የለውም አይባልም። ከደጀን ወደ ወንዙ የሚወርድ መንገደኛ መጀመሪያ ጥቁሩን ባዛልት ያልፋል፤ ከሥሩ የኖራ ድንጋዩ፣ ዝቅ ሲል ጂፕሰምና ጭቃ ድንጋይ፣ ከግርጌው ደግሞ የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ የሚባለው ይመጣል። ይኸው አሸዋ ድንጋይ በካሉብ በጥልቅ ተቀብሮ ጋዝ ካቆሩት አለቶች አንዱ ነው። በወሎ ወረኢሉ አካባቢም ዘይት ከመሬት ሲንጠባጠብ ታይቷል። የማዕድን ሚኒስቴርም የዓባይን ተፋሰስ ከአገሪቱ የነዳጅ ፍለጋ ተፋሰሶች እንደ አንዱ ይቆጥረዋል። ችግሩ ወንዙ አለቱን እስከ ሥሩ ቆርጦ መክፈቱ ነው፤ ጋዝ ደግሞ የሚቆየው ከላይ ክዳን ሲኖረው ነው። ገደሉ ባልደረሰበት በኩል ክዳኑ ደኅና ቢሆን እንኳ ወፍራሙ ባዛልት በድምፅ ሞገድ የሚደረገውን ፍለጋ ያደናግራል። ፍለጋው በርጋታ ይቀጥል፤ የጎጃም ተስፋ ግን ገና ባልተቆፈረ ጉድጓድ ላይ ሊንጠለጠል አይገባም። የተረጋገጠው ሀብት በዚያው ገደል ውስጥ የሚፈስሰው ውኃ ነው።

ውኃውም የራሱ የተጓተተ ታሪክ አለው። ምኒልክ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በፈረሙት ውል የዓባይን፣ የጣናንና የሶባትን ፍሰት የሚያግድ ሥራ ላለመሥራት ተስማሙ። በ1950ዎቹ የአሜሪካ የመሬት ማሻሻያ ቢሮ ባለሙያዎች ሸለቆውን አጥንተው ካራዶቢ፣ ማቢል፣ መንዳያና ጠረፉ ላይ ግድብ ሊሠራ እንደሚችል ጻፉ፤ ጥናቱ ለረጅም ጊዜ መደርደሪያ ላይ ቆየ። የጢስ ዓባይ ማመንጫ 11 ሜጋ ዋት ይዞ ጀመረ፤ በ2002 ዓ.ም. የጣና በለስ 460 ሜጋ ዋት ተጨመረ፤ መጋቢት 24 ቀን 2003 የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 በ5,150 ሜጋ ዋት ተመረቀ። ግድቡ የቆመበት ጉባ በቀድሞው አከላለል የጎጃም ክፍለ ሀገር የመተከል አውራጃ ምድር ነው። እንዲህም ሆኖ በአገሪቱ መብራት ያገኘው ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ ነው፤ መብራት የገባባቸው የገጠር ቤቶችም ቢሆኑ አምፖል ያበራሉ እንጂ አይጋግሩም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስት ኪሎ ዋት ተኩል ገደማ ይጎትታል፤ ቀጭን መስመርና ትንሽ ትራንስፎርመር አንድ ቀበሌ ሙሉ ቅዳሜ ጠዋት ምጣድ ቢጥድ አይችለውም። የቤት ውስጥ ማገዶ ግማሽ ያህሉ ለእንጀራ መጋገሪያ እንደሚውል ሲታሰብ፣ ኩበቱ ከምድጃ የሚወጣው አምፖል ሲበራ ሳይሆን ምጣድ በመብራት ሲግል ነው። እስከዚያው ምርጥ የሚባለው የተሻሻለ ምድጃ ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳልና ወደ ጎን መገፋት የለበትም።

አሁን ወደ ጋዙ እንመለስ። ዩሪያ የሚሠራው ከጋዙ የሚገኘው ሃይድሮጂን ከአየር ናይትሮጅን ጋር ተዋሕዶ አሞኒያ ሲሆን፣ አሞኒያው ደግሞ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ሲጣመር ነው፤ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው። የምሥራቅ ጎጃም ጤፍና የምዕራብ ጎጃም በቆሎ ይህን ነገር በብዛት ከሚፈልጉት የአገሪቱ ሰብሎች ውስጥ ናቸው። አገሪቱ በቅርብ ዓመታት በዓመት ከ20 ሚሊዮን ኩንታል በላይ ማዳበሪያ ስትገዛ፣ ሁሉም ከባሕር ማዶ በመርከብ መጥቶ ከጂቡቲ በመኪናና በባቡር ይገባል። በዩክሬን ጦርነት የዓለም ጋዝ ሲወደድ የዩሪያ ዋጋም አብሮ ሰማይ ወጣ፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ የክልሉ ገበሬዎች ማዳበሪያ አጥተው እስከ ባሕር ዳር ሄደው አቤት አሉ። ነሐሴ 22 ቀን 2017 ዓ.ም. ከናይጄሪያው ዳንጎቴ ጋር የተፈረመው ውል በጎዴ በ2.5 ቢሊዮን ዶላር በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ በ40 ወራት ውስጥ እንዲቆም ይላል፤ ጋዙ የሚመጣው ከካሉብና ከሂላላ ነው። ይህ መጠን 30 ሚሊዮን ኩንታል ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ቃል ከዚህ በፊትም ሰምተናል የሚል አንባቢ ትክክል ነው። በያዩ ከድንጋይ ከሰል 300 ሺህ ቶን ዩሪያ ሊያመርት የታሰበው ፋብሪካ ሜቴክ ለተባለው የመንግሥት ድርጅት ተሰጥቶ ብዙ ቢሊዮን ብር በልቶ ሳያልቅ ቀረ። በ2009 ዓ.ም. ከሞሮኮው ኦሲፒ ጋር ለድሬዳዋ የተፈረመውም ማዳበሪያ አላፈራም። ከእነዚህ የሚገኘው ትምህርት ሐሳቡን መተው ሳይሆን ወራቱን በይፋ መቁጠርና በየደረጃው ማስጠየቅ ነው። ከባድ የሆነው ሌላው ተቃውሞ ግን ይህ ነው፦ ጋዙን ለውጭ ሸጦ በዶላሩ ርካሽ ማዳበሪያ መግዛት አይሻልም ወይ? በሒሳብ ወረቀት ላይ ሊሻል ይችላል። ነገር ግን ጋዝና ዩሪያ በዓለም ገበያ አብረው የሚወጡና የሚወርዱ ናቸው፤ ጋዝ ሲረክስ ዶላሩ ያንሳል፣ ጋዝ ሲወደድ ዩሪያውም ይወደዳል። ከሁሉም በላይ ዝናብ ቀጠሮ አያራዝምም። መርከቡ አንድ ወር ቢዘገይ ጤፍ የሚዘራበት ሐምሌ ያልፋል፤ የዘገየን ማዳበሪያ ዋጋ የትኛውም ዶላር አይመልሰውም። ፋብሪካው በሙሉ አቅሙ ከሠራ ደግሞ አገሪቱ ዛሬ ከምትገዛው የሁሉም ዓይነት ማዳበሪያ ድምር የሚበልጥ ያመርታልና ትርፉን በዩሪያ መልክ ሸጦ ዶላር ማግኘት ይቻላል፤ ቅድሚያው ለአገር ማሳ እስከሆነ ድረስ።

የአገሬው ሶማሌ ሕዝብ ጋዙ የእኔ ምድር ነው፣ የጎጃም ጤፍ ምኔ ነው ቢል መልሱ እርሱን ማሳፈር አይደለም። ጎጃም ራሱ ያየው ነገር አለ፤ ወንዙ ወደ ተርባይን ሲዞር የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ሳስቷል፤ በቱሪስቱ ገቢ ይኖር የነበረው መንደርም ተጎድቷል። ሀብት ከሥሩ ሲሄድ የሚያየውን ሰው ቅሬታ ከጎጃም በላይ ማን ሊያውቅ ይችላል? ስለዚህ ጋዙን በቧንቧ ወደ ባሕር ከመላክ ይልቅ እዚያው ጎዴ ላይ ወደ ማዳበሪያ መለወጥ ሥራውንም ግብሩንም ለአካባቢው ያስቀርለታል። የአፈር ባለሙያዎችም የሚያነሡት እውነተኛ ሥጋት አለ። የጎጃም አፈር በብዙ ወረዳ አሲዳማ ነው፤ ዩሪያ ብቻውን ዓመት ከዓመት ሲበተን አሲዱን ያባብሰዋል። ይህ ተቃውሞ ሐሳቤን ያጸናዋል እንጂ አያፈርሰውም። አሲዱን የሚያቀናው ኖራ ከዓባይ ገደል ይወጣል፤ ደጀን ላይም ለእርሻ ይፈጫል። አፈሩን የሚይዘው ብስባሽ ግን ከየትም አይገዛም፤ ከበረቱ ነው። ጋዙ መጥቶ ኩበቱ ከምድጃ ካልወጣ፣ የጎጃም ማሳ ዩሪያውን እየጠጣ ቀስ በቀስ ይደክማል። ሁለቱ አንድ ላይ ካልሆኑ አንዱ ሌላውን አያድነውም።

ስለዚህ የጎጃም የምክር ቤት ተወካዮች፣ የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበራትና የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ሁለት ነገር አጥብቀው ይጠይቁ። አንደኛው፣ ከጎዴ ዩሪያ ለአገር ውስጥ የሚቀረው ድርሻ ውጭ ከሚላከው አስቀድሞ በሕግ እንዲወሰንና ከግንቦት በፊት በየወረዳው መጋዘን እንዲገባ። ሁለተኛው፣ በዓባይ ኃይል የሚዘረጋው የገጠር መስመር ምጣድ የሚችል ሆኖ እንዲሠራ፣ ሥራውም ኩበት በብዛት ከሚነድባቸው የጮቄ ዙሪያ ወረዳዎች እንዲጀመር። የዳንጎቴ ውል 40 ወር የሚሞላው ታኅሣሥ 2021 ዓ.ም. ላይ ነው። ቀጠሮው ከተከበረ በሰኔ 2021 የሚዘራው የጎጃም በቆሎ የአገሩን ማዳበሪያ ያገኛል፤ ካልተከበረ ደግሞ ጠያቂው ከዚያ ቀን ሳይሆን ከዛሬ ጀምሮ ይጠይቅ።